ምላስዎን የት አስቀመጡት?

ሐበሻ ከሐኪም ቤት ባዶ እጁን መውጣት አይወድም። ክኒን፣ ክኒን ከሌለ ሽሮፕ፣ እሱም ከጠፋ ቅባት ቢጤ ይዞ ካልወጣ ታከምኩ አይልም። መርፌ የወጋ ሐኪም ደግሞ የሐኪም ቁንጮ ነው፤ ስሙ ከሰፈር ሰፈር ይነሳል፤ «እጁ ያድናል» ይባልለታል። አስቀምጦ፣ ጠይቆ፣ ዳብሶ፣ «ምንም መድኃኒት አያስፈልግዎትም» ብሎ የሸኘ ሐኪም ግን የካርድ ገንዘብ በከንቱ እንደበላ ነው የሚቆጠረው። እንግዲህ እንዲህ ያለ አመል ይዘን ሳለ፣ እኔ ከሕክምና ክፍል የወጣሁት ምላሴን የት እንደማስቀምጥ ብቻ ተነግሮኝ ነው።

ነገሩ የመንጋጭላ ነው። ከጆሮ ፊት ለፊት፣ ድሮ መምህሮቻችን ጥፊ ያሳርፉበት የነበረው ጆሮ ግንድ አካባቢ፣ በግራና በቀኝ ሁለት መጋጠሚያዎች አሉ። ጣትዎን እዚያ ላይ አሳርፈው አፍዎን ከፈት ዘጋ ቢያደርጉ ከቆዳው ሥር የሚንቀሳቀስ ነገር ያገኛሉ። እሱ ነው። ስለ ወገብና ስለ ጉልበት ሲወራ የሚውልበት ቤት ሞልቷል፤ ይህን መጋጠሚያ ግን ስሙን የሚያነሳው የለም። ሲያኝክ፣ ሲያወራ፣ ሲያማ፣ ሲያዛጋ ውሎ ያድራል፤ አመሰግናለሁ የሚለው ሰው አላገኘም።

አሠራሩ እኮ ቀላል እንዳይመስላችሁ። አፍ መከፈት ሲጀምር አጥንቱ ባለበት ይዞራል፤ ሰፋ ሲል ደግሞ ከጎድጓዳ ቦታው ወጣ ብሎ ወደ ፊት ይንሸራተታል፤ አንዱ ዕቃ በርም መሳቢያም ሆኖ ይሠራል እንደማለት ነው። ግራና ቀኙ በአንድ አጥንት የተያያዙ ስለሆኑ አንዱ ሲያኮርፍ ሌላው ብቻውን ቤቱን ማስተዳደር አይችልም። ወገብ ላይ ብቻ የተፈጠረ የሚመስለን ዲስክ እዚህም አለ፤ በሁለቱ አጥንቶች መካከል ገብቶ እንዳይፋጩ ይጠብቃል። ይህ ዲስክ ወደ ፊት ሸርተት ያለ እንደሆነ አፍ ሲከፈት ቀጭ ብሎ ወደ ቦታው ይገባል፤ ሲዘጋ እንደገና ያመልጣል። አንዳንዴም አልመለስ ይላል። ያን ጊዜ አፍ ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል።

የእኔው ግማሽ መንገድ ላይ ነበር የቆመው። አክስቴን ደውዬ «መንጋጋዬ አልከፈት አለ» ስላት በስልኩ ውስጥ ጮኸች። መንጋጋ ቆልፍ መስሏት ነው። አልፈርድባትም፤ ቴታነስ በአገራችን የሚታወቀው በዚሁ ስም ነው። በቁስል ገብቶ ነርቭ የሚያጠቃ፣ የሚገድል፣ ደግነቱ ክትባት ያለው በሽታ ነው።

«ሚስማር ወጋህ?» አለች።

«ቁርጥ ነው የወጋኝ» አልኳት።

እውነቴን ነው። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ያን ሁሉ ቀን ሽሮውን፣ ክኩን፣ ጎመኑን፣ ተልባ ፍትፍቱን እየተቀበለ መንጋጭላ በጡረታ ይሰነብታል። ፋሲካ ሲብት ዶሮው ስለበሰለ ብዙም አያስቸግርም። ጉዱ ያለው በማግስቱ ሥጋ ቤት ነው። እዚያ የሚበላ ሰው አይታችሁ እንደሆነ፣ አንዱን ጫፍ በግራ እጁ ይወጥራል፤ ሌላውን በጥርሱ ይነክሳል፤ ቢላውን ከከንፈሩ ሥር ሽው ያደርገዋል፤ ከዚያ በአዋዜና በሚጥሚጣ የተቀባው ጉማጅ በአንድ ጉንጭ ይገባና ማላመጥ ይጀመራል። ሽንጥ ከሆነ እሰየው። ጅማት ያለበት ከደረሰው ግን ወሬው ሁሉ አልፎ፣ ሒሳቡ ተከፍሎ፣ ታክሲ ተይዞም እያላመጠ ነው። ሁለት ወር ያህል ሳይሠራ የከረመ ጡንቻ በአንድ ከሰዓት ይህን ሁሉ ሲታዘዝ ቢያኮርፍ ምን ይገርማል?

ለነገሩ ጾሙም ቢሆን ንጹሕ አይደለም። ቆሎ አለበት። ገብሱ፣ ሽምብራው፣ ሱፉ ታምሶ ቁጭ ሲል ማን እጁን ይሰበስባል? ክረምት ሲገባ የበቆሎ እሸት ጥብስ አለ። በየመንገዱ ደግሞ ሱቅ በደረቴዎቹ ማስቲካ ይዘው ይዞራሉ፤ መልስ የሌለው ቸርቻሪም በዝርዝር ፈንታ ማስቲካ ይሰጣል፤ እኛም ብራችን እንዳይባክን ቀኑን ሙሉ እናኝካለን። ጫቱን ያየን እንደሆነ ቃሚው በአንዱ ጉንጩ ቋጥሮ ለሰዓታት በዚያው በኩል ነው የሚያመነዥገው። ምርቃናው ለሁለቱም ወገን ሲደርስ ሥራው ግን ለአንዱ ወገን ብቻ ነው የተሰጠው።

ሕመሙ የሚያርፍበት ቦታ ደግሞ አሳሳች ነው። መጋጠሚያው ከጆሮ ጋር ጎረቤት ስለሆነ ሲያም ጆሮ ያመመ ይመስላል፤ ወደ ታች ሲወርድ ጥርስ፣ ወደ ላይ ሲወጣ ራስ ምታት ይሆናል። አክስቴ ቴታነስ አለመሆኑን ካወቀች በኋላ ጤና አዳም በዘይት አሙቃ ጆሮዬ ውስጥ ልታንጠባጥብ መጥታ ነበር። ጆሮዬ ደህና ነው ብላት «ታዲያ ለምን እዚያ ጋ ትይዛለህ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። አንድ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬማ ደህና መንጋጋ ጥርሱን አስነቅሎ፣ ሕመሙ ስላልለቀቀው ቀጥሎ ያለውንም ሊያስነቅል ወረፋ ይዞ ነበር። ሁለተኛው የጥርስ ሐኪም እምቢ ባይለው ኖሮ ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ ገንፎ እያበላነው ነበር።

ይህ መሳሳት የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ ከተማ የነበረ ጄምስ ኮስተን የሚባል የአንገት በላይ ሐኪም በ1934 እ.ኤ.አ. ስለዚህ ሕመም ሲጽፍ በሽተኞቹ ወደ እሱ የመጡት ጆሯችንን አመመን ብለው ነው። ለብዙ ዘመን በሽታው በእሱ ስም ሲጠራ ኖረ። ኮስተን ጥፋቱን በወለቁ የኋላ ጥርሶችና በተበላሸ አገጣጠም ላይ ጣለው። ከእሱ በኋላ የመጡት ግን ተከሳሾቹን አበዙ፤ ጡንቻውን፣ ልማዱን፣ እንቅልፉን፣ ጭንቀቱን ጨመሩበት።

ጭንቀቱ ላይ ስንደርስ ደግሞ ቁርጥ ያልቀመሰው ሁሉ ይነካል። ሕመሙ ከወንድ ይልቅ ሴት ላይ፣ በተለይ ከ20 እስከ 40 ባለው ዕድሜ ይበዛል፤ ሥጋ ቤቶቻችንን የሚሞላው ግን በአብዛኛው ወንድ ነው። ስለዚህ ሁሉን በሥጋ ማሳበብ አይቻልም። እኛ ጥርሳችንን ነክሰን እንድንችል ተመክረን ያደግን ሰዎች ነን። አከራይ ኪራይ ሲጨምር ጥርስ ይነከሳል። ወረፋው ደርሶ «ሲስተም የለም» ሲባል ጥርስ ይነከሳል። አማት ስትመጣ ይነከሳል። ሌሊት ደግሞ ቀን የተዋጠው ሁሉ ተመልሶ ይመጣና ሰውየው ተኝቶ ጥርሱን ሲያፋጭ ያድራል። ባለቤቴ ስታፋጭ አላስተኛኸኝም እያለች ስትነግረኝ አላምናትም ነበር። አክስቴ ግን ይህን ስትሰማ ደስ አላት፤ ጥርስ የሚያፋጭ ሰው ሆዱ ውስጥ ወስፋት አለ ብላ ስለምታምን፣ በዚያም ላይ ቁርጥ መብላቴን ስለምታውቅ፣ ኮሶ ልታጠጣኝ ተነሳች።

ከኮሶው አምልጬ ነው ፊዚዮቴራፒ ክፍል የደረስኩት። እኔ ፊዚዮቴራፒ የማውቀው ስትሮክ ለመታው ወይም እግሩ ተሰብሮ ጀሶ ለተፈታለት ሰው ነው። ወረፋ ላይ የተቀመጡትም እንደዚያው ነበሩ፤ አንዱ በክራንች፣ አንዱ በልጁ ተደግፎ። አጠገቤ የነበሩ አዛውንት ሙሉ አካሌን ከላይ እስከ ታች አዩና «አንተን ደግሞ ምንህን ነው?» አሉኝ። «አፌን» አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ሌላ ጥያቄ አልጠየቁኝም።

የተቀበለችኝ ወጣት ሴት ናት። ሦስት ጣቶቼን አጣምሬ በቁማቸው በፊት ጥርሶቼ መካከል እንዳስገባ አዘዘችኝ። ጤነኛ ሰው የራሱን ሦስት ጣት ያስገባል አለች፤ በማስመሪያ ሲለካ ከ40 እስከ 50 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የእኔ ለሁለት ጣትም ተጨነቀ። ከዚያ መስታወት ፊት አስቀምጣ አፌን በዝግታ አስከፈተችኝ። የራሴን አገጭ ያን ቀን ገና በወጉ አየሁት። ቀጥ ብሎ ይወርዳል ብዬ ስጠብቅ፣ ዕዳ እንዳለበት ሰው ወደ ጎን ሸሸ።

ጉንጬ ላይ ያለውን ጡንቻ በጣቷ ስትጫነው ዓይኔ እንባ አቀረረ። «ይኸው ነው የሚደክመው» አለች። ቀጥላም ወንበሯን ሳብ አድርጋ፣ በጣም ቁምነገር በሆነ ድምፅ፣ «ጋሼ፣ አሁን ምላስዎን የት አስቀመጡት?» አለችኝ።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ከልጅነቴ ጀምሮ ተጠይቄ አላውቅም። «አፌ ውስጥ» አልኩ።

«አፍዎ ውስጥ የት ጋ?»

ፈለግኩት። ታች ተጋድሟል። ጥርሶቼስ? ገጥመዋል፤ ማንም ሳይነካኝ፣ ምንም ሳላኝክ፣ ላይኛው ታችኛውን ይዞታል። ከዚያ ነው ትምህርቱ የመጣው። ጥርስ ከጥርስ የሚገናኘው ሲታኘክና ሲዋጥ ብቻ ነው። በቀረው ጊዜ በላይኛውና በታችኛው መካከል ሁለት፣ ሦስት ሚሊ ሜትር ክፍተት ይኖራል። ከንፈር ይገጠማል፣ ጥርስ ይለያያል፣ የምላስ ጫፍ ከላይኛው የፊት ጥርስ ኋላ ላንቃ ላይ ያርፋል፣ ትንፋሽ በአፍንጫ ይሆናል። ቦታው የጠፋበት ሰው ምላሱን ላንቃው ላይ አጣብቆ ቋ ያድርግ፤ ቋ ከማለቱ በፊት ምላሱ የነበረበት ቦታ እሱ ነው።

«መድኃኒቱስ?» አልኳት።

«ነገርኩዎት እኮ» አለች።

ሐቁን ለመናገር፣ ወረቀትም ሰጥታኛለች። ሌሎች እንቅስቃሴዎችም አሉ። አንዱ ምላስን ላንቃ ላይ እንዳረፈ፣ በሁለት ጣት ከጆሮ ፊት መጋጠሚያውን እየዳሰሱ አፍን መክፈት ነው፤ ምላሱ ላንቃውን እስካልለቀቀ ድረስ ብቻ ይከፈታል፤ በዚህ ልክ አጥንቱ ይዞራል እንጂ አይንሸራተትም። ሌላው አገጭን በሁለት ጣት ወደ ጎን፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች ቀስ አድርጎ መግፋትና አገጩ ከቦታው እንዳይሄድ መያዝ ነው። እዚህ ላይ የወንድነት ስሜት መጥቶብኝ ነበር፤ ጣቴን በአገጬ ልሰብረው ደረስኩ። «ጋሼ፣ ትግል አይደለም» አለችኝ፤ «ላባ ቢገፋዎት የሚመልሱበትን ያህል ብቻ።» የቀሩት የአንገትና የትከሻ ናቸው። ራስን ወደ ፊት አስግጎ ስልክ ላይ አቀርቅሮ የሚውል ሰው መንጋጭላው ወደ ኋላ ስለሚጎተት፣ አገጭን ወደ ጉሮሮ ሳብ፣ ደረትን ቀና፣ ትከሻን ወደ ኋላና ወደ ታች ማድረግ ያስፈልጋል። ይህን ሳደርግ መስታወቱ ውስጥ ድርብ አገጭ ያለው የድሮ ባላባት ተገለጠልኝ፤ ብዙም አልከፋኝም።

ድካሙ የመጣው ቁጥሩ ላይ ነው። እንቅስቃሴዎቹ ስድስት ናቸው፤ እያንዳንዱ ስድስት ጊዜ ይደገማል፤ ሁሉም በቀን ስድስት ጊዜ ይሠራል። ማሪያኖ ሮካባዶ የሚባል ቺሊያዊ ፊዚዮቴራፒስት ያደራጀው አሠራር ነው፤ በዓለም ዙሪያ የመንጋጭላ ሕክምና ባለሙያዎች ያውቁታል። ልጅቷ ለማስታወስ እንዲመቸኝ ከወረቀቱ አናት ላይ በትልቁ 6 × 6 × 6 ብላ ጻፈችልኝ። ወረቀቱን ፍሪጅ ላይ ለጠፍኩት። አክስቴ ውኃ ልትቀዳ ሄደች፤ ቆመች፤ መነጽሯን አጠለቀች።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«የመንጋጭላ ስፖርት ነው።»

«ስድስት ስድስት ስድስት!» አለችና ሦስት ጊዜ አማተበች። «ይኼ ራእይ ላይ ያለው የአውሬው ቁጥር አይደለም እንዴ? ማን ነው የሰጠህ?»

የብዜት ምልክት መሆኑን፣ ሲባዛ 216 እንደሚሆን፣ ከአውሬው ጋር ዝምድና እንደሌለው በእርጋታ አስረዳኋት። «ማባዛትማ እሱም ያውቃል» አለች። ኋላ ላይ ግን ልቧ ራራልኝና መፍትሔ አመጣች፤ «ሰባት አድርገው። ጠበልም ሰባት ቀን ነው።» ለፊዚዮቴራፒስቷ ደውዬ ሰባት ቢሆን ጉዳት አለው ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ትንሽ ዝም ብላ «ካላመመዎት የለውም» አለች። ወረቀቱ ላይ 6ቱ በእስክሪብቶ ተሰርዘው 7 ሆኑ። ቺሊያዊው ይህን ቢሰማ ምን እንደሚል እንጃ፤ በቤታችን ግን ሰላም ወረደ።

በቀን ስድስት ጊዜ ማለት፣ ይቅርታ፣ ሰባት ጊዜ ማለት፣ ሁሉንም በቤት ውስጥ መጨረስ አይቻልም ማለት ነው። ጠዋት መስታወት ፊት ስቆም ትንሿ ልጄ አጠገቤ ትቆምና አብራኝ ትከፍታለች፤ ትዘጋለች። አንድ ቀን «አባዬ፣ መስታወቱን ልትበላው ነው?» አለችኝ። መሥሪያ ቤት ደግሞ ቋ ማለቱ ጣጣ አመጣ። ስብሰባ ላይ የሥራ ሪፖርት እየተነበበ ምላሴን ቦታው ላይ ላሳርፍ ብዬ ቋ አደረግኩት። አንባቢው አቋረጠ። ሰብሳቢው «አስተያየት ያለህ ትመስላለህ» አለኝ። የለኝም ብል ማን ይመነኛል? ስለ ሠንጠረዡ የሆነ ነገር ተናገርኩ፤ ሠንጠረዡን የሚያስተካክል ኮሚቴ ተቋቋመ፤ አባል ሆንኩ።

ቢሾፍቱ ለሠርግ ሄደን ሳለ የሆነው ግን ይብሳል። ከአዳራሹ በር ላይ ሰው ስጠብቅ ጊዜዬን ልጠቀምበት ብዬ ሰባቱን ጀመርኩ። ቋ፣ ቋ፣ ቋ። ከኋላዬ የቆመው የጋሪ ፈረስ ትእዛዝ መሰለውና ጉዞ ጀመረ። ባለጋሪው ከጠላ ቤቱ ሮጦ ወጥቶ ልጓሙን ያዘ፤ «ጋሼ፣ ምን በድዬህ ነው?» አለኝ። ሕክምና ላይ ነኝ ልለው አሰብኩና ተውኩት።

ይህን ሁሉ ስናገር ነገሩን ማቃለሌ አይደለም። ይሠራል። ደግሞ የሚሠራበት መንገድ ምንም ምሥጢር የለውም። የደከመ ጡንቻ ሲሞቅና ሲታሽ ይላላል፤ ስለዚህ ማታ ማታ ፎጣ በሙቅ ውኃ ነክሮ፣ ጨምቆ፣ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ጉንጭ ላይ ማሳረፍ፣ ከዚያ ጥርስን አንዴ ገጠም ሲያደርጉት ጉብ የሚለውን ጡንቻ ፈልጎ በሁለት ጣት በዝግታ ማሸት አለ። የተኮማተረ መጋጠሚያ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ሲንቀሳቀስ ይፈታል። አፉ በጣም የጠበበበት ሰው ሐኪም ጉሮሮ የሚያይባቸውን ጠፍጣፋ እንጨቶች ደራርቦ በጥርሶቹ መካከል እያስገባ፣ ሲለምደው አንድ እየጨመረ እንዲያላላ ይደረጋል። ሌሊት ለሚያፋጭ የጥርስ ሐኪም በልኩ የሚሠራው መከላከያ አለ። እስኪሻል ማስቲካው ይቀራል፣ ቆሎው ይታገሣል፣ ምግቡ ይለሰልሳል፣ ማኘኩ ለሁለቱም ጉንጭ ይታደላል። አብዛኛው ሰው በዚህ ይሻለዋል፤ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ጥቂት ነው። ሳብ ሳብ ማድረጉ የሚጠበቅ ነው፤ የሚወጋ ሕመም ከመጣ ግን ማቆም ነው። አክስቴ «ካላመመ አይሠራም» የምትለው ለወጌሻ ነው እንጂ ለዚህ አይደለም።

እኔን ያስቸገረኝ ሕመሙ አይደለም፤ መሰልቸቱ ነው። ለውጡ የሚታየው በሳምንታት እንጂ በማግስቱ አይደለም። መርፌ አንዴ ይወጋል፣ ያልፋል፣ ለሰውም ይወራል። «ሦስት መርፌ ተወግቼ» ሲባል ጎረቤት ብርቱካን ይዞ ይመጣል። «ምላሴን ላንቃዬ ላይ እያሳረፍኩ ነው» ብሎ ማን ብርቱካን አግኝቶ ያውቃል? እኔ ግን እላለሁ፣ የካርድ ገንዘብ የሚገባው እንዲህ ላለው ምክር ነው። ክኒኑ የዛሬን ያስታግሳል፤ ጥርሴን ነክሼ መዋሌን የነገረኝ ክኒን ግን አልነበረም።

እስኪሻለኝ ድረስ የጠቀመኝ አንድ የአገር ቅርስ አለ። እኛ «አዎ» ለማለት አፍ መክፈት አያስፈልገንም፤ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳብ ማድረግ ይበቃል። ለብዙ ቀን ከአለቃዬም፣ ከባለቤቴም፣ ከዕድር ዳኛችንም ጋር በዚህ ብቻ ተግባባሁ። የሚቃወም ሰው ስላጡ በጣም ወደዱኝ።

ማዛጋት ላይ ግን ጥንቃቄ አለ። አፍን ያለ ልክ በርግዶ ማዛጋት መጋጠሚያውን ጨርሶ ሊያወልቀው ይችላል፤ የወለቀበት ሰው አፉ ተከፍቶ ይቀራል። ሲመጣ ምላስን ላንቃ ላይ አሳርፎ፣ አገጭን በጡጫ ከሥር ደገፍ ማድረግ ነው። ከወለቀም ሕክምናው አዲስ አይደለም። ኤድዊን ስሚዝ ፓፒረስ በሚባለው፣ 3,600 ዓመት ገደማ ባስቆጠረው የግብፆች የሕክምና ጽሑፍ ውስጥ ሃያ አምስተኛው ታማሚ መንጋጭላው የወለቀበት ሰው ነው፤ ሐኪሙ አውራ ጣቶቹን አፉ ውስጥ፣ ሌሎቹን ከአገጩ ሥር አድርጎ እንዲመልሰው ታዟል። ዛሬም የሚደረገው ይኸው ነው፤ አውራ ጣቶቹ ብቻ በፋሻ ይጠቀለላሉ። ለምን ቢሉ፣ መንጋጭላው ቦታው ሲገባ በድንገት ይገጥማል፤ የገጠመበት ጣት የሐኪሙ ነው። እንዲህ ያለውን ሐኪም ቤት እንጂ ሳሎን ውስጥ አትሞክሩት።

መስታወት ፊት የማይቆሙባቸው ሌሎች ጊዜያትም አሉ። ጉንጭ አብጦ ትኩሳት ካለ፣ ወድቀው ወይም ተመትተው ከሆነ፣ አፍ በድንገት አልከፈት ብሎ ከቁስል በኋላ ሰውነትም እየገተረ ከሆነ፣ ይህ የሮካባዶ ሥራ አይደለም። በተለይ ደግሞ ደረጃ ሲወጡ ወይም ሲፈጥኑ የሚመጣ የመንጋጭላ ሕመም፣ ደረት ላይ መጨነቅ፣ ላብና የትንፋሽ ማጠር ከጨመረበት የልብ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል መሮጥ ነው።

እኔ ዛሬ ሦስት ጣቴን አስገባለሁ። መጋጠሚያዋ አሁንም አልፎ አልፎ ቀጭ ትላለች፤ ካላመመና ካልቆለፈ ተዉት ተብያለሁ፤ ትቻታለሁ። የቀረብኝ ፈተና ጉርሻ ነው። የእኛ ጉርሻ እንደ ፍቅሩ ልክ ይተልቃል፤ አክስቴ የምትጠቀልለው ደግሞ በሦስት ጣት የሚለካ አይደለም። አፌን ጠበብ ሳደርግባት የተጠየፍኳት ይመስላታል፤ በአንዱ እንዳልቆም ደግሞ አንድ ጉርሻ ያጣላል ትለኛለች። ስለዚህ በዓል በመጣ ቁጥር የምትጠሩኝ ዘመዶችና ወዳጆች፣ ጉርሻዬን አሳንሱልኝ እንጂ ቁጥሩን አትቀንሱብኝ።